የክርስትና አባት፤ ከቦሩ ሜዳ እስከ ቆቦ

ከወልዲያ ወደ ሰሜን ወርዳችሁ የራያን ቆላ ስትይዙ፣ የሰው ስም ብቻውን ሃይማኖት አይነግራችሁም። ልጁ ገብረ ሚካኤል ይባላል፣ አያቱ ግን መሐመድ ሆነው ይገኛሉ። ተቃራኒውም ሞልቷል። ለእንግዳ ሰው ግር ይላል፤ ለቆቦ ሰው ግን ወሬም አይደለም። እኔን ሁልጊዜ የሚያብሰለስለኝ ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ባለ አገር አንድ ክርስቲያን አባት ልጁን «እምነትህ ይህ ነው» ብሎ ማሳደግን ከማን ተማረው? የገዛ አባቱ በሌላ እምነት ኖረው ያለፉ ከሆነስ?

መልሱን ለመፈለግ «የክርስትና አባት» ከምንለው ሰው መነሳት አለብን። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ። ሕፃን መናገር አይችልምና አፍ የሚሆንለት የክርስትና አባቱ ነው። ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ እምነቱን ይናገራል፤ ልጁን ሃይማኖት ሊያስተምር ቃል ይገባል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከወላጆቹ ጋር አበልጅ ነው፤ ዝምድናው እንደ ሥጋ ስለሚቆጠር ጋብቻ ይከለክላል። (ዛሬ ዛሬ የክርስትና አባት የሚመረጠው በመኪናው ዓይነት መሆኑን ለጊዜው እንተወው!)

አሁን ወደ 1870 ዓ.ም. እንሂድ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠሩ። ዋናው ክርክር በክርስቲያኖቹ መካከል የነበረው የነገረ መለኮት ጭቅጭቅ ነበር፤ እሱ ከተቋጨ በኋላ ግን ተራው የወሎ እስላሞች ሆነ። ሹመት ያለው ሁሉ ወይ ይጠመቅ ወይ ሹመቱን ይልቀቅ ተባለ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠመቁና ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸው ራሳቸው አፄ ዮሐንስ ነበሩ። ተቀናቃኛቸው ኢማም አመዴ ሊበንም ኃይለ ማርያም ተብለው ተጠመቁ፤ የእሳቸው የክርስትና አባት ደግሞ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ።

እንግዲህ አስቡት። ተጠማቂዎቹ ጢም ያወጡ፣ ጦር የመሩ ሰዎች ናቸው። አፍ አላቸው፣ መናገር ይችላሉ፤ ግን እንደ 40 ቀን ሕፃን የክርስትና አባት ቆመላቸው። ያ ሰው ደግሞ ሿሚና ሻሪ ነው። እንዲህ ያለውን አባት እንቢ የሚል ማነው? እንቢ ያሉ ግን ነበሩ። ሼህ ጠልሐ ጃዕፈር ተከታዮቻቸውን ይዘው ሸፈቱ። ብዙ ሰው ተሰደደ። የቀረውም ቀን ቤተ ክርስቲያን፣ ሌሊት መስጊድ እያለ ኖረ። በትእዛዝ የመጣ አባትነት ያመጣው ይህን ነው።

የራስ ሚካኤል ጉዳይ ግን ለየት ይላል። ሰውየው ጥምቀታቸውን እንደ ሹመት ደብዳቤ ብቻ አልያዙትም። ደሴ ላይ መድኃኔ ዓለምን አሠሩ፣ ልጆቻቸውን በክርስትና አሳደጉ። የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው በጥር 1887 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ወለዱ። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞቱ። በ1901 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተባለ። ሞግዚቱ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሞቱ፤ አያቱ ምኒልክ ታመው አልጋ ላይ ናቸው፤ አባቱ ደሴ ናቸው። ልጁ ገና 16 ዓመቱ ነው! በ1906 ዓ.ም. ደግሞ ነገሩ ተገለበጠና ልጅ አባቱን አነገሠ፤ ሚካኤል የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተባሉ። ራያም በሁለቱ መካከል ያለች ናት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ኢያሱ በሐረርና በድሬዳዋ ከእስላሞቹ ጋር ገጠመ፣ መስጊድ አሠራ፣ ከእስላም ባላባቶች ልጅ አገባ ተባለ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ «ሃይማኖቱን ክዷል» ተብሎ ከሥልጣን ወረደ። አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱንና ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱ። ንጉሥ ሚካኤል ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ገሰገሱ፣ ቶራ መስክ ላይ ቀናቸው፤ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ግን ተሸነፉና ተማረኩ። ልጅየው በጦርነቱ ላይ አልደረሰም። አባት በእስር ላይ እያሉ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሞቱ።

«ሚካኤል ልጃቸውን ሃይማኖት ሳያስተምሩ ቀሩ» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ አልስማማም። ኢያሱ እስልምናን ተቀብሏል የሚለው ክስ ብዙ የታሪክ ሰዎችን አላሳመነም። እኔ እንደሚመስለኝ ልጁ የተማረው ሌላ ነገር ነው። በአባቱ ወገን ያሉ እስላሞች ለእሱ አጎትና አክስት ናቸው እንጂ «ሌላ ወገን» አይደሉም። ሸዋ ይህን ማንበብ አልቻለም፤ ወይም አንብቦ አልወደደውም። ደግሞ ከዚያው ቤት የወጡትን የልጅ ልጃቸውን፣ እቴጌ መነንን፣ ተመልከቱ። የወይዘሮ ስኂን ሚካኤል ልጅ ናቸው። በጸሎታቸውና ባሠሯቸው አብያተ ክርስቲያናት ነው የሚታወሱት፤ እስከ ዮርዳኖስ ወንዝ ድረስ ገዳም አሠርተዋል። ባላቸው ደግሞ አጎታቸው ሲወርድ አልጋ ወራሽ የሆኑት ራስ ተፈሪ ናቸው። አንድ አባት፣ ሁለት ዓይነት ፍሬ!

ንጉሥ ያልሆነው የቆቦ ገበሬስ? እሱ ነገረ መለኮት አልተማረም፤ ብዙውን ጊዜ ፊደልም አልቆጠረም። ልጁን ማተብ ያስርለታል፣ የቻለ ደግሞ ወደ የኔታ ይልከዋል። ልጁ ከፊደል ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ወንጌል፣ ከዚያ ዳዊት ይደግማል። ያልቻለው ከብት ይጠብቃል፣ ማሽላ ከወፍ ይጠብቃል፣ አብሮት የሚውለውም የጎረቤቱ የእስላም ልጅ ነው። ትልቁ ትምህርት የሚመጣው በድግስ ቀን ይመስለኛል። ለእስላሙ ለብቻ ይታረዳል፣ ለክርስቲያኑ ለብቻ። ልጅ ነውና «አባዬ፣ ለምን ለየብቻ?» ብሎ ይጠይቃል። አባት እዚያ ላይ የሚሰጠው መልስ ነው የልጁን ሃይማኖት የሚሠራው። ወይ «እነሱ ርኩስ ናቸው» ይላል፣ ወይ «እኛ የእኛ ሥርዓት አለን፣ እነሱም የእነሱ፤ ሂድና ውኃ አቀብላቸው» ይላል። በአንድ ቤት ሁለት እምነት ይዞ የኖረ አገር ሁለተኛውን መልስ ባይመርጥ ኖሮ ገና ድሮ በተበታተነ ነበር።

ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ቆቦን ሲረግጣት ሲመለስባት፣ አባት ያጡ ልጆች ቀርተዋል። የሟች አበልጆች በሕይወት አሉ። በዚያች ቀን ወደ ምሥራቅ ዞረው የተናገሩት ቃል ያኔ የሥርዓት ነበር፤ አሁን ልጁ ዳዊት የሚደግምበት ዕድሜ ላይ ደርሷል፣ ለየኔታ የሚሰፈር እህል ያስፈልጋል።