የተሞረደ ብር

በአማርኛችን «ብር» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል፤ ማዕድኑም ብር ነው፣ ገንዘቡም ብር ነው። ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ የምቆጥረው ወረቀት ስሙን የወረሰው አያቶቻችን በከረጢት ይቋጥሩት ከነበረው ጠገራ ነው። ጠገራውም ገንዘብ ብቻ ሆኖ አልኖረም፤ አንጥረኛ እጅ ሲገባ ቀልጦ መስቀል፣ ድሪና አልቦ ይሆን ነበር። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ላጫውታችሁ የወደድሁት ግን የብር ሳንቲም በሞረድ ተፍቆ ወደ ሰው አፍ ስለገባበት ዘመን ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።)

የተቦረቦረ ጥርስን መድፈን ጥንታዊ ብልሃት ነው። በስሎቬኒያ ሎንቼ በተባለ ስፍራ ከተገኘ የሰው መንጋጋ ላይ፣ 6,500 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የተሰነጠቀ ክራንቻ በንብ ሰም ተደፍኖ ታይቷል። ጥናቱ በ2012 ሲታተም ተመራማሪዎቹ ሰሙ ከሞት በኋላ የተደረገ ሊሆን እንደሚችል አልካዱም፤ እኔ ግን የታመመ ሰው በወዳጁ ፊት አፉን ከፍቶ ሲቀመጥ ነው የሚታየኝ። በቻይና በታንግ ነገሥታት ዘመን በ659 የተዘጋጀው የመድኃኒት መጽሐፍ ደግሞ ከብር፣ ከቆርቆሮና ከባዜቃ ስለሚለወስ ሊጥ ይናገራል። ባዜቃ ያልሁት ዛሬ ሜርኩሪ የምንለውን ነው። ሮማዊው ኬልሱስ በበኩሉ፣ የተቦረቦረ ጥርስ በጨርቅ ክር ወይም በእርሳስ ይሞላ ብሎ መክሯል። ምክሩ ጥርሱን ለማዳን አልነበረም፤ ሲነቀል በጉጠት ውስጥ እንዳይፈረካከስ እንጂ!

ጉጠቱን እኛም እናውቀዋለን። በሀገራችን የታመመ ጥርስ መጀመሪያ የሚያገኘው ቅርንፉድ ነው፤ ቅርንፉዱ ካላስታገሠው ወደ ነቃዩ ይኬዳል። እናቶቻችን ግን አልተሳሳቱም። ከቅርንፉድ ዘይት የሚገኘው ዩጂኖል ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ተለውሶ ለጊዜያዊ ሙሌት ሲያገለግል ኖሯል፤ የጥርስ ሐኪም ቤት ደጃፍ ላይ የሚቀበለን ያ ሽታ የወጥ ቤታችን ቅርንፉድ ሽታ ነው።

ወደ ሳንቲሙ ልመለስ። በአውሮፓ ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የተከበረው ሙሌት ወርቅ ነበር። ስስ የወርቅ ቅጠል በቅጠል ላይ እየተደራረበ፣ በትንሽ መዶሻ እየተቀጠቀጠ፣ ምራቅ እንዳይነካው እየተጠበቀ የሚሠራ የረጅም ሰዓት ሥራ ነው። ዋጋውም እንደዚያው ነበርና፣ ወርቅ የሌለው ሰው መድኃኒቱ መነቀል ነበር። በ1826 ኦጉስት ታቮ የተባለ ፓሪሳዊ የብር ሳንቲም ፍቆ ፍቅፋቂውን ከባዜቃ ጋር ለወሰው። ባዜቃ በተራ ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ የሚኖር ብረት ነው፤ ብርን ሲያገኝ ይዋሐደዋል። ሁለቱ ሲታሹ እንደ ሊጥ ይለሰልሳሉ፤ የተረፈው ባዜቃ ተጨምቆ ይወጣል፤ ሊጡም በጉድጓዱ ውስጥ ተጠቅጥቆ ሲያድር ይጠጥራል። እሳት የለ፣ ማቅለጥ የለ። አማልጋም ይህ ነው።

ክሮኮር የተባሉ ወንድማማቾች በ1833 ይህንኑ ሊጥ ይዘው ኒው ዮርክ ገቡ። «ንጉሣዊ የማዕድን ምትክ» አሉት፤ ምትክነቱ ለወርቅ መሆኑ ነው። ማስታወቂያቸው ብዙ፣ ጥንቃቄአቸው ጥቂት ነበር፤ የበሰበሰውን በቅጡ ሳይጠርጉ ይጠቀጥቁ ነበርና ብዙም ሳይቆዩ ስማቸው ጎድፎ ሄዱ። በ1840 የተቋቋመው የአሜሪካ የጥርስ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበርም አባላቱን በአማልጋም ላለመጠቀም ቃል አስገባ፤ መጠቀሙንም የሙያ በደል አለው። ይህ ጠብ እስከ ዛሬ «የአማልጋም ጦርነት» ይባላል።

እንግዲህ እውነቱ ከማን ጋር ነበር? ባዜቃ መርዝ መሆኑን ተቃዋሚዎቹ አልዋሹም። ሊጡም ሲደርቅ አንዳንዴ አብጦ ጥርስ ይሰነጥቅ፣ አንዳንዴ ሟሙቶ ክፍተት ይተው ነበር። ነገር ግን በጠቡ ውስጥ የወርቅ ገበያ ድምፅ ይሰማኛል። በደቂቃዎች የሚያልቅ ርካሽ ሙሌት፣ ሰዓታትን ለሚያስከፍል እጅ ሥጋት ነበርና። ባንክ ቤት የዋለ ሰው እንዲህ ያለውን ድምፅ ቶሎ ይለያል። ማኅበሩ በ1856 ፈረሰ፤ አማልጋሙ ግን ቀረ።

እብጠቱን የገራው ግሪን ቫርዲማን ብላክ የተባለ አሜሪካዊ ነው። የብሩን፣ የቆርቆሮውንና የመዳቡን መጠን እየለዋወጠ፣ የእያንዳንዱን ቅይጥ እብጠትና ጥንካሬ እየለካ በ1895 የተመጣጠነውን አገኘ። እያደር ሳንቲም መሞረድ ቀረ፤ የጥርስ ብር ለጥርስ ተብሎ መሠራት ጀመረ። ግማሽ ያህሉ ግን ያው ባዜቃ ነው። በ1926 ጀርመናዊው ኬሚስት አልፍሬድ ሽቶክ የባዜቃ ትነት አደጋ እንዳለው ሲያስጠነቅቅ የቆየው ክርክር እንደገና ተቀሰቀሰ። በ2020 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ነፍሰ ጡሮች፣ ከ6 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትና የኩላሊት ሕሙማንን የመሳሰሉ ሰዎች ቢቻል በአማልጋም ባይሞሉ መረጠ፤ ደኅና ሆኖ የተቀመጠውን ማስወጣት ግን አያስፈልግም አለ። በመጨረሻ የጸናው ክስ ከአፍ ይልቅ ከውኃና ከአፈር የመጣ ነው። ከሕክምና ቤት የሚወጣው ባዜቃ ወንዝ ይበክላል። የሚናማታ ስምምነት በ2013 አጠቃቀሙ እንዲቀነስ አዘዘ፤ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ሐኪም ግድ ካላለ በቀር ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከለከለው።

ምትኩን ምትክ ያገኘለት ማይክል ቡኦኖኮሬ ነው። ፋብሪካዎች ቀለም ከብረት እንዲጣበቅ ፎስፎሪክ አሲድ እንደሚቀቡ ያውቅ ነበር፤ በ1955 ያንኑ በጥርስ ገለፈት ላይ ሞከረው። አሲዱ ገለፈቱን ሲያሻክረው ፕላስቲክ መሳይ ሙሌት የሚይዝበት አገኘ። አማልጋም ስለማይጣበቅ ሐኪሙ ጤነኛውን ጥርስ ጭምር ቦርቡሮ መቆለፊያ ያበጅለት ነበር፤ ይህ ግን ያን አይሻም። መልኩ ጥርስ ይመስላል፣ በሰማያዊ ብርሃን ይጠጥራል። ሲጠጥር ጥቂት ይኮማተራል፣ እርጥበት ይጠላል፣ ጊዜና መብራት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ይወደዳል። የወርቁ ጥያቄ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ የሌለውስ ምን ይሁን?

አንድ መልስ ከታንዛኒያ መጥቷል። በ1980ዎቹ አጋማሽ በዚያ የተጀመረው ዘዴ መሰርሰሪያ የለውም፣ መብራትም አይጠይቅም። ሐኪሙ የለሰለሰውን የጥርስ ክፍል በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርጎ ጉድጓዱን ራሱ በሚጣበቅ ሙሌት ይደፍነዋል። ለዚህ የሚመረጠው ግላስ አዮኖመር የሚባለው ነው፤ ከደቀቀ መስታወትና ከአሲድ ተለውሶ ይሠራል፣ ፍሎራይድም ያመነጫል። ሣጥኑን ይዞ ገጠር የወረደ ባለሙያ ልጁን በመማሪያ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ጥርሱን ሊሞላለት ይችላል።