የአርጉመንት ብዛት ስሕተት በፓይተን የጽሑፍ ፍለጋ

የአርጉመንት ብዛት ስሕተት አንድ ፈንክሽን ከሚቀበለው ያነሰ ወይም የበዛ ግብዓት (አርጉመንት) ሲሰጠው የሚፈጠር የፕሮግራም ስሕተት ነው። ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ባቀረበው የፓይተን ቋንቋ «ታይፕኤረር» በሚል ስም ይወጣል፤ ካልተያዘም ፕሮግራሙን ያቆመዋል።

በስትሪንግ (በጽሑፍ) ውስጥ ሌላ ስትሪንግ የሚፈልገው «ፋይንድ» የተባለው ፈንክሽን ከ1 እስከ 3 አርጉመንት ይቀበላል። የሚፈለገው ጽሑፍ ግዴታ ነው፤ የፍለጋው መነሻና መድረሻ ግን ቢቀሩም ይሠራል። ቅንፉ ባዶ ሲሆን ወይም አራተኛ ግብዓት ሲጨመር ጥሪው ይከሽፋል።

ይበልጥ የሚያሳስተው ፈንክሽኑ ከአንድ የተወሰነ ጽሑፍ ላይ ሳይሆን ከስትሪንግ ዓይነቱ ላይ በቀጥታ ሲጠራ ነው። ያኔ የመጀመሪያው ግብዓት የሚፈተሸው ጽሑፍ ሆኖ ስለሚወሰድ ቆጠራ ውስጥ አይገባም። «ላም» ብቻ ቢሰጥ መልእክቱ የተሰጠው 0 ነው ይላል፤ «ሰላም» እና «ላም» በቅደም ተከተል ቢሰጡ ግን ቦታ ከ0 ስለሚቆጠር ውጤቱ 1 ይሆናል።

ስሕተቱን ለማረም በመልእክቱ ላይ የተጠበቀውንና የተሰጠውን ቁጥር ማነጻጸር፣ ቀጥሎም በጥሪው ውስጥ ከፋይንድ በፊት ካለው ነጥብ አስቀድሞ የተጻፈው የሚፈተሸው ጽሑፍ ይሁን ወይስ የስትሪንግ ዓይነቱ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የተፈለገው ጽሑፍ አለመገኘቱ ስሕተት አያስነሣም፤ ፋይንድ -1 ይመልሳል።