የጎርጎራ የሐይቅ ዳር ጎጆ

የጎርጎራ የሐይቅ ዳር ጎጆ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በደንቢያ፣ ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው የጎርጎራ ወደብ፣ ለእረፍት የሚመጣ ሰው የሚከራየው ማረፊያ ነው። ግድግዳው ድንጋይ ወይም ጭቃ ምርጊት፣ ክዳኑ ብዙውን ጊዜ ሣር፣ በሩ ወደ ውኃው የዞረ ነው። ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር ዳርቻ ባይኖራትም የሐይቅ ወደቦች አሏት። ከእነዚህም መካከል የጎርጎራን ያህል ነገሥታት፣ መነኮሳትና መርከበኞች የተመላለሱባት የለችም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስፍራው

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተንጣሎ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አይበልጥም። እንዲህ ያለውን ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ቶሎ ያናውጠዋል። ጠዋት እንደ መስተዋት የረጋው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ማዕበል ሊያነሳ ይችላል። ጎርጎራ የተቆረቆረችው ወደ ውኃው እንደ ምላስ በወጣ መሬት ላይ በመሆኑ ከነፋስ የሚከለል ዳርቻ አላት። ወደብነቷም የመጣው ከዚሁ ነው። ከኋላዋ የተዘረጋው የደንቢያ ሜዳ ጎንደርን ለዘመናት የቀለበ ለም መሬት ነው። በክረምት ግን ዋልካው እግርንም ጎማንም ይዞ አይለቅም።

መናገሻና መክረሚያ

ዛሬ «ከተማ» የምንለው ቃል በጥንቱ አነጋገር የንጉሥ ሰፈር ማለት ነበር፤ ንጉሡ የሚከትምበት፣ ከርሞም ለቆት የሚሄደው ስፍራ። ጎርጎራ በዚህ ትርጉም ከተማ የሆነችው እ.ኤ.አ. ከ1607 እስከ 1632 በነገሡት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1603 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ለንጉሡ በጎርጎራ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤተ መንግሥት ሠራላቸው። መሣሪያውን ራሱ እያበጀ፣ ድንጋይ ጠራቢውንና አናጢውን ራሱ እያስተማረ ነበር የሚያሠራው። እ.ኤ.አ. በ1618 ንጉሡን ተከትሎ የግዮንን ምንጭ ያየው ይኸው ሰው፣ ከአራት ዓመት በኋላ በ1622 ያረፈው እዚሁ ጎርጎራ ነው።

እሱ ከሞተ በኋላ የማኅበሩ ሚሲዮናውያን ከዛሬው ወደብ በስተምዕራብ ሌላ ሰፈር መሥርተው በጌጥ የተጠረበ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አቆሙ። ፍራሹ ዛሬ ማርያም ግምብ ይባላል። ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በዐዋጅ መቀበላቸው አገሩን ወደ እርስ በርስ ጦርነት ከተተው፤ እ.ኤ.አ. በ1632ም ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስ የአባቶችን ሃይማኖት መለሱ፣ ሚሲዮናውያኑን አባረሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1636ም ጎንደርን ቆረቆሩ። የጎርጎራ ግንቦችም ሰው አልባ ሆኑ። ከማድሪዱ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ የመጡ የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት የእነዚህን ሰፈሮች ቅሪት ሲያጠኑ ቆይተዋል።

ከወደቡ አጠገብ ያለችው ደብረ ሲና ማርያም ግን ዛሬም ቆማለች። ክብ ናት፤ ክዳኗ ሣር ነው። በመቅደሷ ግድግዳ ላይ ካሉት ሥዕሎች መካከል ከፋሲለደስ ቤተሰብ የሆነችው ወይዘሮ መላኮታዊት ምስል ይገኛል። አንድ ጎብኚ በአንድ ቀን ማርያም ግምብንና ደብረ ሲናን ቢያይ የሚገርመው ይህ ነው፦ ኖራ የተቦካለት፣ በሠለጠነ እጅ የተጠረበ ድንጋይ ሲፈርስ፣ ሣርና ጭቃ ቆሞ አራት መቶ ዓመት ሊጠጋው ነው። ሚስጥሩ ሰው ነው። ሣሩ በበሰበሰ ቁጥር ሌላ ሣር የሚያጭድ፣ ምርጊቱ በተሰነጠቀ ቁጥር ጭቃ የሚያቦካ ምእመን ከአጠገቧ አልጠፋም። ድንጋዩ ግን ጌቶቹ ሲሄዱ የሚጠግነው አልነበረም።

ጎጆው እንዴት ይሠራል?

በመጀመሪያ ክብ ይለካና የግድግዳው እንጨት ዙሪያውን ይተከላል። በማገር ይጠፈራል፣ ማገሩም በልጥ ይታሰራል። ጭድ ገብቶበት ቀናት የተብላላ ጭቃ ከውስጥም ከውጭም ይመረጋል። መሐል ላይ ምሰሶው ይቆምና ወራጆቹ እንደ ጃንጥላ ዘንግ ከጫፉ ይወርዳሉ። ለክዳን የተመረጠው ሣር ሰንበሌጥ ነው፤ የሚታጨደውም ዝናቡ አልፎ ሲደርቅ ነው። ከዳኙ ከታች ከክፈፉ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። እያንዳንዱ ረድፍ የታችኛውን እስር እየሸፈነ ስለሚሄድ ዝናብ ልጡን አያገኘውም። ጫፉ ላይ የሚደፋው ገል ወይም እንስራ ጉልላት ይባላል፤ ውኃ በምሰሶው እንዳይወርድ መከላከያ ነው።

ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች የሚያነሱት አንድ ነገር አለ፤ ጎጆ የሚሠሩ ባለሀብቶች ሁሉ ቢሰሙት እመኛለሁ። ሰው የሚኖርበት ጎጆ ውስጥ እሳት ይነዳል። ጢሱ ሣሩን ያደርቀዋል፣ ተባይ ያባርርለታል፣ ጥቀርሻውም እንደ ቀለም ይለብሰዋል። የእንግዳ ጎጆ ግን ምድጃ የለውም። አልጋ፣ አንሶላና አምፖል እንጂ ጢስ የለውም። ስለዚህ ክዳኑ ከገበሬው ጎጆ ክዳን ቀድሞ ያረጃል፤ በየጊዜው የሚያይለት፣ የላላውን የሚያጠብቅለት፣ የበሰበሰውን የሚለውጥለት ሰው ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት ጥሩ የጎርጎራ ጎጆ ሁልጊዜም በአቅራቢያው ከዳኝ አለው። ቆርቆሮ ያለበሱት ደግሞ ወጪ ቆጥበዋል፤ ይሁን እንጂ በቀትር ፀሐይ እንግዳቸው ውስጡ ሊቀመጥ አይችልም።

አልጋ መያዝና ጎጆ መያዝ

በአገራችን መንገደኛ ሆቴል ደርሶ የሚጠይቀው «አልጋ አለ?» ብሎ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወርደው አውራ ጎዳና ላይ ያለችው ቡሌ ሆራ፣ በቀድሞ ስሟ ሀገረ ማርያም፣ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ናት። ሾፌሩ፣ ነጋዴውና ተማሪው አልጋ ይዘው ያድራሉ፤ ንጋት ላይ መኪናቸው ይጮኻል። የጎርጎራ እንግዳ ግን ጎጆ ነው የሚይዘው። የት እንደሚያድር ብቻ ሳይሆን ቀኑን የት እንደሚውልም አብሮ ይከራያል።

ከቡሌ ሆራ ወዲያ ላለው የቦረና ቆላ ሰው ከውኃ ዳር ቤት ሠርቶ መዋል ራሱ እንግዳ ነገር ነው። በቦረና ውኃ የሚገኘው ቱላ ከሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ነው፤ ወጣቶች ከታች እስከ ላይ ተሰልፈው እየዘፈኑ ባልዲ ይቀባበላሉ። ማን በየትኛው ቀን እንደሚያጠጣ በተራ የተወሰነ ነው። በበጋ ከብቱ በየሦስተኛው ቀን ይጠጣል። መንደሩም ከጉድጓዱ ርቆ፣ ግጦሹ ካለበት ይሰፍራል። ሴቶች የሚሠሩት የቦረና ቤት የሚከተለው ሣሩን ነው። «ሆራ» የሚለው ቃል እንኳ በኦሮምኛ ከብት የሚወርድበትን ማዕድናም ውኃ ያመለክታል፤ ውኃው ተጠጥቶ የሚመለሱበት እንጂ የሚሰነብቱበት አይደለም። ከዚያ አገር ወጥቶ የጎርጎራ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው፣ ማንም ተራ ሳይጠብቅለት ከአድማስ እስከ አድማስ የተዘረጋ ውኃ ሲያይ፣ ከማንኛውም ጎብኚ ይልቅ ያየውን ዋጋ ያውቀዋል ብዬ አምናለሁ።

መርከቡና አዲሱ ሪዞርት

በጣና ላይ የሞተር መርከብ አገልግሎት የተስፋፋው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ነበር። ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርት ዓመታት ጎርጎራን ከባሕር ዳር ጋር ያገናኛት በሳምንት አንድ ጊዜ የሚመላለሰው መርከብ ነው። ዘጌንና ደቅን እየነካ፣ ቁንዝላ አድሮ፣ በማግስቱ በደልጊ በኩል ጎርጎራ ይደርስ ነበር። ሰው፣ ጤፍ፣ የጌሾ ሸክምና ዶሮ አንድ ላይ የሚሳፈሩበት ጉዞ ነበር። በመኪና ከባሕር ዳር በጎንደር ዞሮ የሚመጣ ሰው ይቀድማል፤ ጎርጎራ ወደብ መሆኗን የሚያውቃት ግን በውኃ የመጣው ነው።

ለረጅም ጊዜ ለእንግዳ የነበረው ማረፊያ ከወደቡ አጠገብ ያለ አነስተኛ ሆቴል ብቻ ነበር። በኋላ ሆላንዳውያን ባልና ሚስት በዳርቻው የድንጋይ ጎጆዎችና የድንኳን መትከያ ቦታ ያለው ማረፊያ ከፈቱ፤ ጎጆ ተከራይቶ የመክረም ልማድ የታወቀውም በዚያ ነው። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ይፋ በሆነው «ገበታ ለሀገር» ነው። ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ የተመረጡበት ይህ መርሐ ግብር በ2016 ዓ.ም. በጎርጎራ ሰፊ ሪዞርት አስመርቋል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ጣናነሽ ሁለት የተባለች አዲስ መርከብ ከጅቡቲ በየብስ ተጎትታ ወደ ጣና ተወስዳለች። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተባባሰው ግጭት ግን የጎብኚውን ቁጥር በእጅጉ ቀንሶታል፤ መንገዱ ሰላም የመሆኑ ነገር ጎጆ ከመያዝ በፊት የሚጠየቅ ሆኗል።

በጎጆው ውስጥ

ለመሄድ የሚመረጠው ጊዜ ከመስከረም ማለቂያ እስከ ጥር ነው። ሣሩ ገና አረንጓዴ፣ ሰማዩ የጠራ፣ ከአውሮፓ ክረምት የሸሹ ወፎችም በዳርቻው የሰፈሩበት ወቅት ነው። ንጋት ላይ በር ከፍቶ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ታንኳ ነው። ታንኳ ከደንገል እስር የሚሠራ፣ አፍንጫው ሽቅብ የቀና ጀልባ ነው። አጥማጁ ከውኃ ሲወጣ ትቶት አይሄድም፤ ጎትቶ ያወጣውና ውኃው እስኪንጠፈጠፍ ድረስ ያቆመዋል። ደንገል ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ ያልደረቀ ታንኳ ዕድሜው አጭር ነው። ከታንኳው የሚወርደው ቆረሶ ወይም አምባዛ ይሆናል። ቀትር ላይ ተጠብሶ በእንጀራ የሚቀርበውም እሱ ነው። በጀልባ ለሚወጣ ደግሞ በቅርብ ያለው የማንዳባ መድኃኔዓለም ገዳም አለ፤ ሴቶች ግን አይገቡበትም።

ከአልጋው በላይ የተንጠለጠለው አጎበር ለጌጥ አይደለም። ደንቢያ የወባ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያዋ ቆላ ድባ ዙሪያ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጨርሷል፤ በማግስቱ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ለመከፈቱ አንዱ ምክንያት ያ እልቂት ነበር። ስለዚህ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ታሪክ በከፊል ከዚህ ሜዳ ትንኝ ይጀምራል። ጣና አዞ የለበትም፤ ጉማሬ ግን አለ፣ ሲመሽ ለግጦሽ ወደ የብስ ስለሚወጣ በጨለማ በዳርቻ መዘዋወር አይመከርም። ቄጠማ በበዛበት ረግረግ መዋኘትም ቢልሃርዝያ ሊያስይዝ ይችላል።

የማን ቤት?

የአጥማጆች መንደር ወደ እረፍት መንደር ሲለወጥ የሚመጣውን ጣጣ ከእኛ በፊት ያዩት አሉ። በእንግሊዝ ጎረቤት በዌልስ፣ የጥንት ወደብ ከተሞች ትንንሽ ቤቶች አንድ በአንድ ለእረፍት ፈላጊ እየተሸጡና እየተከራዩ፣ በበጋ የሚሞሉ፣ በክረምት መብራት የማይታይባቸው ጎዳናዎች ተፈጥረዋል። የተወላጁ ልጅ በተወለደበት መንደር ቤት መግዛት አቃተው። በዚህ ምክንያት የዌልስ መንግሥት ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአካባቢ ምክር ቤቶች በሁለተኛ ቤት ላይ ከመደበኛው የቤት ግብር በተጨማሪ እስከ 300 በመቶ እንዲጥሉ ፈቀደ።

ጎርጎራ ገና እዚያ አልደረሰችም። የጀመረችው ግን ያንኑ መንገድ ነው፤ የዳርቻው መሬት ዋጋ ያለው ነገር እየሆነ ነው። እዚያው ዳርቻ ላይ ከብቱን የሚያጠጣው ገበሬና ደንገል አጭዶ ታንኳ የሚያስረው የነገደ ወይጦ ሰው ወደ ውኃው የሚወርዱበት መንገድ እንዳይዘጋ ከወዲሁ ሊታሰብበት ይገባል። ውኃው ራሱም እየታመመ ነው። እምቦጭ የተባለው አረም በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ የጀመረውም ከጎርጎራ ብዙም ሳይርቅ በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ነው። ታንኳና መረብ ያግዳል፣ ዓሣው የሚራባበትን ዳርቻ ይሸፍናል። ዩኔስኮ ሐይቁንና ዙሪያውን እ.ኤ.አ. በ2015 በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። አረሙን በየዓመቱ መኸር ሲገባ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ የሚነቅለው ግን ገበሬው ነው፤ ከእርሻው ቀን ቀንሶ፣ የነቀለውን በሸክም ወደ የብስ እያወጣ፣ ደርቆ እስኪቃጠል ድረስ ይከምረዋል።