ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል? (በአሜሪካ ጦር ውስጥ የተጠቁ ወታደሮች አቤቱታ አጭር ታሪክ)

እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፤ ውሃ ቢያንቅስ በምን ይዋጣል? ይህ ተረት አቤት የሚባልበት ሰው ራሱ ሲበድል የሚጠቀስ ነው። በዚህች ጽሑፍ የማነሳው ጉዳይም ከዚሁ ተረት አይርቅም። አንዲት ወታደር በገዛ የጦር ጓዷ ብትደፈር ለማን ትጮኻለች? ሲቪል ብትሆን ፖሊስ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ። ወታደር ግን የምትሄደው ወደ አዛዧ ነው። አዛዡ ደግሞ ተከሳሹን ያውቀዋል፤ አብሮት ይበላል፤ የሥራ ሪፖርቱን የሚጽፍለትም እሱው ነው። የራሱም ሹመት የተንጠለጠለው በክፍሉ መልካም ስም ላይ ነው። ታዲያ ምን ይዋጣት?

ምሳሌዬን ከአሜሪካ ጦር ወስጃለሁ። ይህን ያደረግሁት የሌላው ጦር ንጹሕ ነው ብዬ አይደለም። ያልተቆጠረ ነገር የለም ማለት አይደለምና። የአሜሪካው ጉዳይ በአደባባይ የተመረመረና የተቆጠረ ስለ ሆነ ለመማሪያ ያመቻል። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ በመጀመሪያ ሕጉን እንይ። በ1950 በጸደቀው የወታደራዊ ፍትሕ ሕግ መሠረት አንድ ወታደር ይከሰስ አይከሰስ የሚለውን የሚወስነው የሕግ አማካሪውን ሰምቶ አዛዡ ነበር። በፍርድ ሸንጎው የሚቀመጡትን አባላት የሚመርጠውም እሱ ነበር። ከፍርድ በኋላም ቢሆን ውሳኔውን የመሰረዝ ሥልጣን ነበረው። ይኸ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ሰውን ወደ ሞት የሚያዝ አዛዥ የመቅጣት ሥልጣን ከሌለው ሥነ ሥርዓት ይፈርሳል የሚል እምነት ነበር። በዚያው በ1950 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፌረስ በሚባለው ጉዳይ፣ ወታደር ከአገልግሎቱ ጋር በተያያዘ ለደረሰበት ጉዳት መንግሥትን ካሣ ሊከስ አይችልም ብሎ ፈረደ። እንግዲህ አንዱ በር በአለቃ እጅ ገባ፤ ሌላው በር ተዘጋ።

ነገሩ ፈንድቶ አደባባይ የወጣው በመስከረም 1991 ነው። ቴይልሁክ የሚባለው የባሕር ኃይል አብራሪዎች ማኅበር በላስ ቬጋስ አንድ ትልቅ ሆቴል ዓመታዊ ስብሰባውን ያደርጋል። ማታ ማታ በሦስተኛው ፎቅ መተላለፊያ ላይ የሰከሩ መኮንኖች ግራና ቀኝ ተሰልፈው የምታልፈውን ሴት ሁሉ እየያዙ ያዋርዱ ነበር። ከተጠቁት አንዷ መቶ አለቃ ፓውላ ኮግሊን፣ ራሷ የሄሊኮፕተር አብራሪና የአንድ አድሚራል ረዳት መኮንን ነበረች። ለአለቃዋ ተናገረች፤ ሳምንታት አለፉ፤ የረባ ነገር አልተደረገም። የባሕር ኃይሉ የራሱ መርማሪዎች ከ1,500 በላይ ሰው ጠይቀው ያገኙት ተጠርጣሪ ሁለት ብቻ ነበር! በሰኔ 1992 ኮግሊን ስሟን ገልጻ ለሕዝብ ተናገረች፤ በዚያው ወር የባሕር ኃይሉ ሚኒስትር ሥልጣን ለቀቁ። ከውጭ የገባው የመከላከያ ሚኒስቴር ምርመራ 83 ሴቶችና 7 ወንዶች መጠቃታቸውን አረጋገጠ። ወደ 140 የሚጠጉ መኮንኖች ፋይል ተከፈተ። ስንቱ በጦር ፍርድ ቤት ተፈረደበት? አንድም። ኮግሊን ግን በ1994 ከባሕር ኃይሉ ወጣች። ተናጋሪዋ ሄደች ማለት ነው።

ያኔ «የስካር ነገር ነው፣ የአንድ ሌሊት ጉድ ነው» ያሉ ነበሩ። በ1996 በሜሪላንድ በሚገኘው የአበርዲን የምድር ጦር ማሠልጠኛ የወጣው ጉዳይ ግን ይህን ሰበብ አፈረሰው። እዚያ የተከሰሱት ምልምሎችን የሚያሠለጥኑ አለቆች ነበሩ፤ አንዱ ሳጅን በ1997 የ25 ዓመት እስራት ተፈረደበት። አሠልጣኝ ማለት የምልምሏን እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ፈቃድ፣ የነገ ምድቧን ሁሉ በእጁ የያዘ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ፊት «እሺ» ማለት በእርግጥ እሺ ማለት ነው ወይ? በ2003 ደግሞ በኮሎራዶ የአየር ኃይል አካዳሚ ሴት ዕጩ መኮንኖች፣ ማለትም እንደኛው ተማሪዎች፣ መደፈራቸውን ሲያመለክቱ «ለምን ጠጣሽ? ለምን ከሰዓት እላፊ ወጣሽ?» ተብለው እነሱው ጥፋተኛ መደረጋቸውን ተናገሩ። የአካዳሚው የበላይ ኃላፊዎች ተነሡ።

ከዚህ በኋላ ኮንግሬስ አስገድዶ በ2005 አዲስ መመሪያ ወጣ። ጥቃትን ለመከላከልና ተጎጂን ለመርዳት የሚሠራ ቢሮም በመከላከያ ሚኒስቴር ተቋቋመ። የመመሪያው ዋና ነጥብ የሁለት መንገድ አቤቱታ ነው። አንዱ ዝግ አቤቱታ ነው፤ ተጎጂው ለአስተባባሪ፣ ለተጎጂ ደጋፊ ወይም ለሐኪም ብቻ ነግሮ ሕክምና፣ ምክርና የሕግ ማስረጃ የሚሆን ምርመራ ያገኛል፤ ለአዛዡ ስሙ አይነገርም፣ መርማሪም አይጠራም። ሌላው ክፍት አቤቱታ ነው፤ ምርመራ ይጀመራል፣ አለቃም ያውቃል። «ዝግ አቤቱታ ወንጀለኛን ይደብቃል» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ውሸት አይደለም። ነገር ግን የተጎዳ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ቁስሉን የሚያይለትና ምስጢሩን የሚጠብቅለት ሰው ነው። ያን ያገኘ ሰው ውሎ አድሮ ለመክሰስ ልብ ያገኛል፤ ዝጉን ወደ ክፍት ማዞርም ይቻላል።

ቁጥሩ ግን አስደንጋጭ ሆኖ ቆየ። ሚኒስቴሩ ራሱ ባደረገው ጥናት በ2012 ወደ 26,000 የሚጠጉ ወታደሮች ጥቃት ደርሶባቸዋል ተብሎ ተገመተ፤ አቤት ያለው 3,374 ብቻ ነበር። ከ26,000ው ከግማሽ በላይ ወንዶች ናቸው። ይኸ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። እርግጥ በጦሩ ውስጥ ወንዱ እጅግ ስለሚበዛ ነው እንጂ በመቶኛ ሲታይ የሴቶቹ አደጋ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቢሆንም ጉዳዩ «የሴቶች ጉዳይ» ተብሎ ወደ ጎን የሚገፋ እንዳልሆነ ያሳያል። ሌሎቹ ለምን ዝም አሉ? በዚያው ጥናት ደፍረው ካመለከቱት ሴቶች ከ10 ስድስቱ ያህል መገለል ወይም የበቀል እርምጃ ገጥሞናል ብለዋል። ጎረቤቱ ሲናገር የደረሰበትን ያየ ሰው አፉን ቢይዝ ምን ይገርማል!

በየካቲት 2013 የአዛዡ ሥልጣን እርቃኑን ታየ። በጣሊያን በአቪያኖ ሰፈር አንድ አብራሪ በወሲባዊ ጥቃት በሸንጎ ተፈርዶበት ሳለ ሌፍተናንት ጄኔራል ክሬግ ፍራንክሊን ፍርዱን ሰረዙት። ሕግ አልጣሱም፤ ሕጉ ፈቅዶላቸዋል። ጉዱም እዚያ ላይ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኮንግሬስ ይህን የመሰረዝ ሥልጣን ገደበ፤ ለተጎጂዎችም የራሳቸው ጠበቃ እንዲቆምላቸው በሕግ ደነገገ። የመክሰስ ሥልጣኑ ግን ከአዛዡ እጅ አልወጣም። ሴናተር ክርስተን ጊሊብራንድ ይውጣ ብለው ያቀረቡት ረቂቅ በመጋቢት 2014 55 ለ45 ድምፅ አግኝቶ፣ 60 ያስፈልግ ስለነበር ወደቀ።

የወደቀውን ሐሳብ ያነሣው የአንዲት የ20 ዓመት ወጣት ሞት ነው። ቫኔሳ ጊየን በሚያዝያ 2020 በቴክሳስ ፎርት ሁድ ሰፈር በአንድ ወታደር ተገደለች። ከዚያ በፊት በሌላ አለቃዋ ወሲባዊ ትንኮሳ ደርሶባት፣ ለኃላፊዎች ተነግሮ፣ አንዳች እንዳልተደረገ የምድር ጦሩ ምርመራ በ2021 አመነ። 14 ኃላፊዎች ከሥራቸው ተነሡ ወይም ታገዱ። በታኅሣሥ 2021 የወጣው ሕግ በመድፈርና መሰል ወንጀሎች የመክሰስን ውሳኔ ከአዛዡ ወስዶ ነጻ ለሆነ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ሰጠ። ሥራ ላይ የዋለው በታኅሣሥ 2023 መጨረሻ ነው። ከቴይልሁክ ሌሊት ጀምሮ 32 ዓመት መሆኑ ነው!

አልቋል ወይ? አላለቀም። በ2021 የተጎጂው ግምት ወደ 36,000 ደርሶ ነበር፤ በ2023 ወደ 29,000 ወረደ። መውረዱ ደግ ነው፤ 29,000 ግን 29,000 ነው። ዐቃቤ ሕግ የሚመጣው ከጥቃቱ በኋላ ነው። መከላከል የሚጀምረው ደግሞ በመኝታ ክፍሉ ቀልድ፣ በማሠልጠኛው ስድብ፣ አለቃ አይቶ እንዳላየ ሲያልፍ ዝም ባለማለት ነው።

ጓደኞቼ፣ ይህ ታሪክ የጦር ሰፈር ብቻ አይመስለኝ። ፈታኙም፣ ማርክ ሰጪውም፣ አቤቱታ ሰሚውም አንድ ሰው በሆነበት ቦታ ሁሉ ይሠራል። ስለዚህ አንድ ተቋም «የአቤቱታ ሣጥን አለን» ሲል ሦስት ነገር እንጠይቅ። ሣጥኑን የሚከፍተው ማነው? ነገሩ ቢዳፈን የሚጠቀም ሰው ነው ወይ? አቤት ያለችውስ ነገ ጠዋት ምን ይገጥማታል?