ማሊያና ትዝታው

ስለ ሕዝባችን አለባበስ ሲጻፍ ሸማው፣ ካባው፣ ጋቢው፣ ጥበብ ቀሚሱ ይወሳል። የሸማኔው እጅ ይመሰገናል፤ የጥለቱ ቀለም ይተነተናል። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በአንድ ሜዳ ዙሪያ ተሰብስቦ የሚዘምርለትና የሚያለቅስለት ልብስ ግን ከባህል ጸሐፊዎች ብዕር ብዙም ቦታ አላገኘም። ይህ ልብስ የእግር ኳስ ማሊያ ነው።

ለቴአትር ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ተዋናይ ካባውን ደርቦ ወደ መድረክ ሲወጣ አንድ ቃል ሳይናገር ማንነቱ ይታወቃል። ተጫዋችም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፣ የተዋናዩ ልብስ መጋረጃው ሲዘጋ ወደ ዕቃ ቤት ይመለሳል፤ የማሊያው ትርጉም ግን ከተመልካቹ ጋር ወደ ቤት ይገባል። ስለዚህ «የማሊያው ባለቤት ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ የባህል ጥያቄ ነው።

ቃሉ ራሱ ታሪክ ያዘለ ነው። «ማሊያ» የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ «ካልሲ»ም ከዚያው ቋንቋ የመጣ ነው። ስሙን ከሌላ ተውሰናል፤ ትርጉሙን ግን ራሳችን ሞልተነዋል። በሌላው ዓለምም ቢሆን ቀለም ሲወለድ ባዶ ነው። የቱሪኑ ጁቬንቱስ መጀመሪያ የሚለብሰው ሮዝ ቀለም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1903 ከእንግሊዝ አገር ያስመጣው የኖትስ ካውንቲ ክለብ ጥቁርና ነጭ ማሊያ ግን ዛሬ መለያው ሆኗል። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1950 በማራካና ስታዲየም በኡሩጓይ 2 ለ1 ስትሸነፍ ነጭ ለብሳ ነበር። ከዚያ ሐዘን በኋላ አንድ ጋዜጣ ባወጣው ውድድር አሸንፎ ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን ብጫ ማሊያ የነደፈው አልዲር ጋርሲያ ሽሌ የተባለ፣ ከኡሩጓይ ድንበር አጠገብ የተወለደ ወጣት ነው። ወጣቱ በኋላ ደራሲ ሆኗል። ጁቬንቱስን ግዢ፣ ብራዚልን ሐዘንና የአንድ ወጣት እርሳስ ቀለም ሰጣቸው። ለቀለሙ ነፍስ የዘሩበት ግን ለብሰውት የወደቁና የተነሡ ሰዎች ናቸው።

ወደ አገራችን ስንመለስ የዚህ ታሪክ ዋና ምስክር የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ነው። ክለቡ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በአራዳ፣ በጆርጅ ዱካስና በአየለ አትናሽ አነሳሽነት ተመሠረተ። ወቅቱ የፋሽስት ጦር አገራችንን የወረረበት ጊዜ ነበር። በወረራው ዓመታት ፋሽስቶች ነጭና ጥቁር በአንድ ሜዳ እንዳይጋጠሙ ከለከሉ። ኢትዮጵያዊው ቡድን ኳስ ይዞ ወደ ሜዳ መውጣቱ በራሱ «አለሁ» ማለት ነበር።

ከነጻነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1944 የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ የተሰለፉት አምስት ቡድኖች የከተማይቱን ማኅበረሰቦች የሚወክሉ ነበሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያኑ፣ ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሊምፒያኮስ የግሪኮች፣ አምስተኛው ደግሞ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበር። ዋንጫውን የወሰደው ሚሲዮኑ ነው። በዚያ ሜዳ ማሊያ ተጫዋችን ከተጫዋች የሚለይ ጨርቅ ብቻ አልነበረም፤ የየማኅበረሰቡን ስም የሚሸከም ነበር።

የቅዱስ ጊዮርጊስ የሜዳው ማሊያ ዛሬ በብጫ መደቡና ከትከሻ ወደ ደረት በሚወርደው የ«ቪ» ቅርጽ ይታወቃል። ተጫዋቾቹም «ፈረሰኞቹ» ይባላሉ፤ ስሙ የሰማዕቱን ፈረስ ያስታውሳል። በደርግ ዘመን ክለቡ በቢራ ፋብሪካው ስም ይጠራ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 በተከታታይ ሦስት ዓመት ሻምፒዮን የሆነውም በዚሁ ስም ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዋንጫዎች ሲቆጠሩ እነዚያ ሦስቱ አብረው ይቆጠራሉ። ስም በመመሪያ ይለወጣል፤ ትዝታ ግን መመሪያ አይቀበልም።

ቀለም ስም የሆነባቸው ክለቦችም አሉን። የኢትዮጵያ ቡና «ቡናማዎቹ» ይባላል፤ የድሬዳዋ ከተማ «ብርቱካናማዎቹ» ናቸው። እዚህ ላይ ቀለሙ ከማሊያ ወጥቶ ወደ ቋንቋ ገብቷል፤ ደጋፊው ክለቡን በቀለሙ ይጠራዋል። ከዚህ በኋላ ቀለሙን መለወጥ ሰውን ስሙን የመቀየር ያህል ይከብዳል።

ሆኖም አንድ ከባድ ጉድለት አለብን። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን በአዲስ አበባ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበሩ። የዚያን ቀን ፎቶግራፎች ስንመለከት ግን ሁሉም ጥቁርና ነጭ ናቸው። የጨርቁ ቀለም በሥዕሉ ውስጥ ጠፍቷል። ቀለሙን የሚመልሰው በቦታው የነበረ ሰው አንደበት፣ ወይም በሣጥን ተጠቅልሎ የቆየ ማሊያ ነው። አንደበቱ በሞት ይዘጋል፤ ጨርቁን ብል ይበላዋል። የየክለቡ የመጀመሪያ ዘመን ማሊያ ዛሬ የሚያሠጋው ይህ ነው።

ጉዳዩ የመዲናይቱ ብቻ አይደለም። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው ጎባና በጎረቤቷ ሮቤ፣ ልጆች በብርድ ሜዳ ላይ ኳስ ሲያባርሩ የአርሰናልንና የማንቸስተርን ማሊያ ለብሰው እናያቸዋለን። ይህን መንቀፍ አያስፈልግም፤ የውጭውን መውደድ የራስን መጥላት አይደለም። የሚያሳስበው ሌላ ነው። የከተማው ቡድን ማሊያ በየዓመቱ ገበያው ባቀረበው ወይም ለጋሹ በመረጠው ቀለም ከተለዋወጠ፣ ልጁ ከአባቱ የሚወርሰው ቀለም አይኖረውም። የባሌ ደጋ የፈረስ አገር ነው። በበዓል ቀን ፈረሱን በኮርቻና በልጓም ጌጥ የሚያስውብ ሕዝብ፣ ልብስና ጌጥ ስለ ባለቤቱ እንደሚናገር ማንም አያስተምረውም። ያንን ዕውቀት ወደ ማሊያው ማሻገር ብቻ ነው የሚቀረው።

ለዚህ ሥራ ከሁሉም የሚጠበቅ ድርሻ አለ። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ቀድሞ ተጫዋቾች ልኮ «የለበሳችሁት ምን ቀለም ነበር? ማን ሰፋው? ገንዘቡስ ከየት መጣ?» ብለው እንዲጠይቁና መልሱን እንዲመዘግቡ ማድረግ ይችላል። ሰዓሊው በዚያ ምስክርነት ተመርቶ በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች የጠፋውን ቀለም በሸራ ላይ ሊመልሰው ይችላል። በሮቤ ያለው የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ለአሮጌ ማሊያዎች አንድ ሣጥን ቢመድብ ወጪው አነስተኛ ነው። ካድሬውና የስፖርት ኃላፊው ደግሞ አዲስ ማሊያ ከመታዘዙ በፊት ሕዝቡን ቢያማክሩ፣ በብራዚል እንደሆነው ምናልባት የአንድ ያልታወቀ ወጣት እርሳስ ይገለጥ ይሆናል።

ማሊያው የክለቡ ንብረት ነው፤ በደረሰኝ ተገዝቶ በመዝገብ ይሰፍራል። ቀለሙ ግን ዝናብ እየመታው በሜዳው ዳር የቆመው ሕዝብ ነው። ሊለውጠው የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ ባለቤቱን ይጠይቅ።