ኮምፒውተር አሰናድቶ የመውጣት ታሪክ

ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ሲከፍት በማያውቀው ሰው ስም ሰላምታ ያልደረሰው ማን አለ? ከእኛ መካከል ቢያንስ ሦስታችን ደርሶናል። ስክሪኑ ይበራል፣ የአንድ ፈረንጅ ስም ብቅ ይላል፣ ፓስዎርድ ይጠየቃል። ሻጩ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ «እሱን ተወው ባክህ፣ 1234 ብለህ ግባ» ይላል። እንገባለን። ብሩን ከፍለናል፣ ዕቃው በእጃችን ነው፤ ግን ሰው ቤት ተከራይተን የገባን ያህል ይሰማናል።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል እንጂ ረጅም ታሪክ ያለው ጉዳይ ነው። አንድ ሰው ሌላ ሰው ለሚጀምርበት ኮምፒውተር ሲያሰናዳ ምን ትቶ ይሄዳል? ምንስ ይዞ መውጣት ነበረበት? ዛሬ የምናወጋው ስለዚሁ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ላይ አሰናጅ የሚባል ሰው አልነበረም። በ1975 የወጣው አልቴር 8800 ለብዙ ገዢዎቹ የደረሰው ተበታትኖ በሣጥን ውስጥ ነበር፤ ራሳቸው በየዱት፣ ራሳቸው ገጣጠሙት። ስክሪንና ኪቦርድ አብሮት አልመጣም። ፕሮግራም ለማስገባት ከፊቱ የተደረደሩትን ማብሪያ ማጥፊያዎች አንድ በአንድ ከፍ ዝቅ ማድረግ ነበረባቸው። ባለቤቱም፣ ጫኙም፣ አስተማሪውም አንድ ሰው ነው። በነሐሴ 1981 የአይቢኤም ፒሲ ሲመጣም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ለብቻው የሚገዛ ዕቃ ነበር፦ ዶስ 40 ዶላር፣ ትንሽ ቆይቶ የደረሰው ተፎካካሪው ሲፒኤም-86 ደግሞ 240 ዶላር። የትኛው እንዳሸነፈ መናገር አያስፈልግም። ቁም ነገሩ ግን መራጩ ገዢው መሆኑ ነው።

ስለ ገዢው የመጀመሪያ ቀን በደንብ ከተጨነቁት አንዱ አፕል ነው። በ1984 የወጣው ማኪንቶሽ ከዲስኩ ጋር የሚያስጎበኝ የቴፕ ካሴት ነበረው። ካሴቱን ታጫውታላችሁ፣ ስክሪኑን እያያችሁ ትማራላችሁ። ማውስ ነክቶ ለማያውቅ ሰው ደጃፍ ላይ ወጥቶ እንደ መቀበል ነው።

ቀስ በቀስ ኮምፒውተር ሁሉ ሲስተሙ ተጭኖበት መሸጥ ጀመረ። ለገዢው ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ግን አብሮት አንድ ነገር ሄደ። ማይክሮሶፍት ከአንዳንድ አምራቾች ጋር የገባው ውል ለሚሸጡት ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር እንዲከፍሉት የሚያደርግ ነበር፤ የሌላ ድርጅት ሲስተም ቢጭኑበት እንኳ። በሐምሌ 1994 ከአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ጋር ባደረገው ስምምነት ይህን አሠራር ለማቆም ተስማማ። እንግዲህ ልብ በሉ፦ በ13 ዓመት ውስጥ ምርጫው ከገዢው ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ አሰናጁ ጠረጴዛ ተዛውሯል። ገዢው ሣጥኑን የሚከፍተው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ችግር የብዛት ነው። አንድ መሥሪያ ቤት 200 ኮምፒውተር ቢገዛ እያንዳንዱን ከዜሮ መጫን ማን ይችላል? በኒውዚላንድ መሪ ሃዛርድ የሚባል ሰው የሠራውና በ1998 ሲማንቴክ የገዛው ጎስት መልስ ሰጠ። አንዱን ኮምፒውተር አሳምረህ ታሰናዳለህ፣ ከዚያ እንዳለ በሌሎቹ ላይ ትገለብጠዋለህ። የእኛ ከተማ የኢንተርኔት ካፌ ልጆችም ከጎስት ጋር ዝምድናቸው የቆየ ነው፤ ቫይረስ ሲበዛ «ጎስት አድርገው» ማለት መድኃኒት ነበር።

ነገር ግን ግልባጭ ሁሉንም ይገለብጣል። የኮምፒውተሩን ስም፣ ዊንዶውስ ለማሽኑ የሚሰጠውን የመለያ ቁጥር፣ የጫኙን ኮተት ሳይቀር። ማይክሮሶፍት ለዚህ ሲስፕሬፕ የሚባል መሣሪያ አወጣ። ሥራው የማሽኑን የግል መታወቂያ አጥቦ፣ ኮምፒውተሩ በሚቀጥለው ሲከፈት እንደ አዲስ «እንኳን ደህና መጡ» እንዲል ማድረግ ነው። የሚገርመው፣ ለዓመታት ሁሉም የፈራው የአንድ ዓይነት መለያ ቁጥር ጉዳይ ያን ያህል አስፈሪ አልነበረም። ቁጥሩን የሚቀይረውን ኒውሲድ የተባለውን ፕሮግራም ከጻፉት አንዱ የሆነው ማርክ ሩሲኖቪች በ2009 ፍርሃቱ መሠረት እንደሌለው ጽፎ የገዛ ፕሮግራሙን በጡረታ አሰናብቶታል። ያም ሆኖ ማይክሮሶፍት ተገልብጦ ለሚጫን ዊንዶውስ የሚቀበለው መንገድ ሲስፕሬፕን ነው።

በጥቅምት 2001 የወጣውን ዊንዶውስ ኤክስፒን የማያስታውስ አለ? ያ ለስላሳ ሙዚቃ፣ ያ ሰማያዊ ስክሪን፣ «ይህን ኮምፒውተር እነማን ይጠቀሙበታል?» የሚለው ጥያቄ። እስከ አምስት ስም ይቀበላል። አባት፣ እናት፣ ልጆች፤ መላው ቤተሰብ ታስቦበታል። ችግሩ እዚያ የተጻፉት ስሞች በሙሉ ፓስዎርድ አልባ ሆነው ሙሉ ሥልጣን ይሰጣቸው ነበር። ለእንግዳው እንዲመቸው ተብሎ በሩ ሳይቆለፍ ቀረ፤ ቫይረሱም በዚያው ገባ።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ጉድለት ነበረው። የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቦታውን አግኝቶ ሳለ፣ ኤክስፒ የአማርኛ ፎንት ይዞ አልመጣም። በ2007 ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ መጻፊያ ይዞ እስኪመጣ ድረስ ዩኒኮድ አማርኛ በብዙ ስክሪን ላይ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይታይ ነበር። ያን ክፍተት የሞላው ማን ነው? ፓወር ግዕዝን የመሰለ ፕሮግራም በሲዲ ይዞ የሚዞረው የኮምፒውተር ቤት ልጅ ነዋ! ሬድመንድ ያላለቀውን ዝግጅት አዲስ አበባ ጨረሰው። እርግጥ በአንዱ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ዘንድ ሲከፈት የምልክት ጋጋታ ይሆን ነበር፤ ቢሆንም ውለታው ውለታ ነው።

አሰናድቶ መውጣትን በትክክል የገባው ሰው ሥራ ማየት የፈለገ ኡቡንቱን ይመልከት። በጥቅምት 2004 የጀመረው ይህ ነጻ ሲስተም ኮምፒውተር አዘጋጅተው ለሚሸጡ ሰዎች የተለየ አጫጫን ነበረው። አሰናጁ የሚገባው በጊዜያዊ ስም ነው። ፕሮግራሙን ይጭናል፣ ይፈትሻል፣ ሲጨርስ «ለተጠቃሚው ለመላክ አዘጋጅ» የምትለውን ምልክት ይጫናል። ባለቤቱ ሲከፍተው ቋንቋውን፣ አገሩን፣ ስሙንና ፓስዎርዱን ራሱ ይሞላል፤ የአሰናጁ ጊዜያዊ ስም ይደመሰሳል። ሠራተኛው ቁልፉን አስረክቦ ወጣ ማለት ነው።

ሳይወጡ የቀሩም አሉ። ሌኖቮ በ2014 በአንዳንድ ላፕቶፖቹ ላይ ሱፐርፊሽ የተባለ ፕሮግራም ጭኖ ሸጠ። ፕሮግራሙ ሰው በሚያየው ድረ ገጽ መሐል ማስታወቂያ ያስገባ ነበር፤ ለዚህም ሲል የተመሰጠረውን ግንኙነት ሳይቀር መሐል ገብቶ ይከፍተዋል። ይባስ ብሎ የሚጠቀምበት ምስጢራዊ ቁልፍ በሁሉም ላፕቶፖች ላይ አንድ ዓይነት ነበር፤ ያን ያገኘ ሌባ ባንክ መስሎ ሊቀርብ ይችላል። በየካቲት 2015 ጉዱ ወጣ፤ ኩባንያው ማጥፊያ አቀረበ፣ በ2017ም ከአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ጋር በስምምነት ጨረሰ። ገዢዎቹ ግን አዲስ ሣጥን ነበር የከፈቱት። ማንን ሊጠረጥሩ?

ዛሬስ? በ2021 የመጣው ዊንዶውስ 11 በቤት እትሙ ገና ከመጀመሪያው ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። ኔትወርክ ባስቸገረበት ቀን አዲስ ላፕቶፕ የከፈተ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ቤቱ ተሰናድቷል፤ ባለቤቱ ግን በር ላይ ቆሞ መታወቂያ ይጠየቃል።

ይህን ሁሉ የጻፍነው ኩባንያዎችን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። እኛም አሰናጆች ነን። ለእናታችን፣ ለታናሽ ወንድማችን፣ ክፍለ ሀገር ላለች አክስታችን ላፕቶፕ እናዘጋጃለን። ስማቸውን እኛ እንጽፋለን፣ ፓስዎርዱን እኛ እንመርጣለን፣ ኢሜይሉ በእኛ ስልክ ይከፈታል። ከዚያ በየሳምንቱ «ልጄ፣ ይሄ ነገር እንቢ አለኝ» ሲባል እንሰለቻለን። ባዕድ ቤት ውስጥ አስቀምጠናቸው እኮ ነው!

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ፎንቱን ጫኑ፣ የሚያስፈልገውን አስገቡ፣ የማያስፈልገውን አውጡ። አሮጌ ኮምፒውተር ከሆነ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ያለውን ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ የሚያስጀምረውን ትእዛዝ ተጠቀሙ። ስም የሚጠየቅበት ስክሪን ላይ ሲደርስ ግን ኪቦርዱን ልቀቁና ወንበሩን ለእናታችሁ ስጧት። ፊደሉን አንድ በአንድ እየፈለገች ስሟን ለመጻፍ አምስት ደቂቃ ቢፈጅባት ታገሡ። ፓስዎርዱን ስትጽፍ ደግሞ ዞር በሉላት።

ሰላም ሰንብቱ።