ዜና መዋዕል ዘፎገራ በዘመነ ባድሜ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። የፎገራ ሰዎች በባድሜ ጦርነት ዘመን ያደረጉትን፣ የሰጡትንና የተናገሩትን እንጽፋለን። ይጻፍልን ያሉን የወረታ ሽማግሎች ናቸው። እንጀራቸውን በልተናል፣ ጠላቸውንም ጠጥተናል፤ ስለዚህ መልካም ሥራቸው አንድም ሳይጎድል ሊነገር ይገባል። የቀረውን እግዚአብሔር ያውቀዋል።

ወረታ ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ በፎገራ ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣው መንገድ በመካከሏ ያልፋል፤ ቻይናዎች የሠሩት መንገድም ከዚያው ተገንጥሎ በደብረ ታቦርና በጋይንት አድርጎ ወልድያ ይገባል። በሰላም ዘመን በዚህ መገንጠያ የሚጫነው ሩዝ፣ ሽምብራ፣ ጓያና የቀንድ ከብት ነው። ጦርነት በተነሣ ጊዜ ግን ሁለቱም መንገድ የዘመቻ መንገድ ሆነ። በጎንደር የወጣ በሑመራ በኩል ወደ ባድሜ ይሄዳል፤ በደብረ ታቦር የወጣ ወልድያ ደርሶ በመቀሌ በኩል ወደ ዛላምበሳ ይሄዳል። ስለዚህ የወረታ ሰው ጦርነቱን በሬዲዮ ከመስማቱ በፊት በመኪናው ብዛት ያውቀው ነበር።

በ1990 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ግንቦት 4 ቀን ማክሰኞ የኤርትራ ጦር ወደ ባድሜ ገባ። ወራቱ በዓለ ኀምሳ ነበረ፤ ጾምም ስግደትም የለበትም። ወሬው በተሰማ ጊዜ ሰው ሁሉ ተደነቀ፤ የአዲስ አበባና የአስመራ ሹማምንት ደርግን አብረው የጣሉ፣ ከሰባት ዓመት በፊት በአንድ አፍ ይናገሩ የነበሩ ናቸውና። በዚያው ዓመት ቀደም ብላ ኤርትራ ናቅፋ የሚባል የራሷን ገንዘብ አውጥታ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ንግዱ ሻክሮ፣ ነጋዴው በየኬላው ሲጉላላ ከርሟል። ጠቢባን ጠቡ የገንዘብ ነው አሉ፤ ሌሎች የድንበር ነው አሉ፤ ሽማግሎቹ ግን አብረው የበሉ ሰዎች ጠብ ምክንያት አያጣም ብለው ዝም አሉ።

ባድሜ ወዴት እንደሆነች በፎገራ የሚያውቅ ጥቂት ነበር። ሰሊጥ ሊያጭዱ ሑመራ ወርደው የተመለሱ ጎልማሶች ነበሩና ሰው እነርሱን ከብቦ ጠየቀ። እነርሱም መሬቱ ሙቀት የበዛበት፣ ውኃው የራቀ መሆኑን ነገሩ። «ታዲያ ምን ሊያደርጉበት ነው?» ያለ ሰው እንደ ነበረ ሰምተናል፤ ስሙን ግን አልጻፍንም። ማታ ማታ የመንግሥት ሬዲዮ ከፍ ተደርጎ ይደመጥ ነበር፤ የአሜሪካ ድምፅና የጀርመን ሬዲዮ ደግሞ ዝቅ ተደርጎ።

ግንቦት 28 ቀን ዓርብ፣ ጰራቅሊጦስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በመቀሌ በአይደር ትምህርት ቤት ላይ ቦምብ ወደቀ፤ ሕፃናትም ሞቱ። በዚያው ቀን የእኛም አውሮፕላኖች ወደ አስመራ በረሩ። የአይደር ወሬ ፎገራ በደረሰ ጊዜ፣ እስከዚያ ድረስ የወንድማማች ጠብ ነው፣ ይበርዳል ሲል የነበረው ሁሉ ቃሉን ለወጠ። በየቤቱ ተለቀሰ። ከለቅሶውም ቁጣ ተነሣ፤ ከቁጣውም ስንቅ።

ስለ ስንቁ በሰፊው እንጽፋለን፤ የፎገራ ክብር በዚህ ነውና።

ሴቶቹ በየቀበሌው ግቢ ተሰብስበው ጉልቻ ጎለቱ፣ ምጣድ ጣዱ። ሜዳው ጥቁር አፈር ነውና ገብስ አይወድም፤ ስለዚህ ገብሱ ከፋርጣ፣ ከጉና ግርጌ ወረደ። ተፈተገ፣ ተቆላ፣ ተፈጨ፤ በሶም ሆነ። የስንዴው ዱቄት በበርበሬና በዘይት ታሸ፤ በመዳፍ እየተድቦለቦለ፣ በቢላ እየተቆረጠ፣ ምጣድ ላይ ተቆልቶ ዳቦ ቆሎ ወጣው። ሽምብራው ከገዛ ሜዳቸው ነበር። አንዲት ባልቴት ከልኩ በላይ ጨው ስትጨምር ያዩ ሴቶች በከለከሏት ጊዜ «በረሃ ነው አሉ፤ ላብ ጨው ይወስዳል» አለች። እርስዋ የደርግ ዘመን ዘማች እናት ነበረችና ነገሩን ታውቀዋለች፤ ማንም አልመለሰላት።

የቀበሌው ጸሐፊ ደብተሩን ዘርግቶ ስምና ልክ ይጽፍ ነበር። ያችኑ ባልቴት «እትዬ፣ ስንት ጣሳ ልበልዎ?» አላት። «የሰጠሁትን ጻፍ ልጄ፤ ለቤቴ የቀረውን አትጠይቀኝ» አለችው። እርሱም የሰጠችውን ጻፈ።

በሶውና ቆሎው በማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ ተጫነ። ያ ማዳበሪያ ቀድሞ በአሰብ ወደብ የሚገባ ነበረ። አሰብ በተዘጋ ጊዜ የአገሩ ዕቃ ሁሉ በጅቡቲ ዞረ፤ ጭነቱ በዘገየ ቁጥር ገበሬው ሰማዩን እያየ ይጨነቅ ነበር። ከረጢቱ ግን ባዶውን አልተቀመጠም፤ ወደ ሰሜን ስንቅ ተሸክሞ ሄደ።

ስለ ከብቱም እንናገር። የፎገራ ከብት በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው፤ ግዙፍና ወተተኛ፣ ቆዳው ጥቁርና ነጭ የሆነ፣ ረግረጉን የለመደ። ባለጸጋው ሰንጋ ሰጠ፤ ሽማግሎችም መረቁት። ጥንድ ካለው ሰው አንዱን የሰጠም አለ፤ እርሱ በክረምቱ ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ በመቀናጆ አረሰ፤ ይህ ከባለጸጋው ስጦታ እንደሚበልጥ ወንጌል ይመሰክራል። የመንግሥት ሠራተኛውም ከደመወዙ በፈቃዱ ሰጠ፤ ፈቃዱ ሳይጠየቅ ታውቆለት ነበርና ደመወዙ ተቆርጦ ደረሰው። የደራና የሊቦ ሰዎችም እንደ አቅማቸው አዋጥተዋል፤ የእነርሱን የራሳቸው ጸሐፊ ይጻፈው።

ከዚህ በኋላ የዘማቾቹ ነገር ነው። ጥሪው በታወጀ ጊዜ ወጣቶቹ ተመዘገቡ። በፊተኛው ዓመት በክልሉ የመሬት ድልድል ተደርጎ ነበር፤ ስለ እርሱ ብዙ ተብሏልና እኛ አንጨምርም። ነገር ግን መሬት ያልደረሰው ወጣት ስለ መሬት ሊሞት ቀድሞ እንደ ተመዘገበ አይተናል። የቀድሞው ጦር ወታደሮችም ተጠሩ። በ1983 የደርግ ወታደር ተብለው ትጥቃቸውን ፈትተው፣ አንዱ ቀን ሠራተኛ፣ አንዱ ዘበኛ ሆኖ ይኖር ነበር። አሁን ልምድ ያላቸው ተብለው ስማቸው ታደሰ። ከእነርሱ አንዳንዱ በ1969 የእናት አገር ጥሪ ታጠቅ ሰልጥኖ ከሶማሊያ ጋር የተዋጋ ነበረ። ያ ሰው በወረታ መገንጠያ መኪና ሲሳፈር አልፎከረም፤ ወጣቶቹ ግን ፎከሩ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ካህናቱ ጸበል ረጩ። የሄዱትን ወጣቶች እርሻ የቀሩት ሰዎች በደቦ አረሱላቸው፤ በሰኔም ሩዙን ዘሩላቸው። ለዚህ ሥራ አዋጅ አልወጣም፤ አበልም አልተከፈለበትም።

በእነዚያ ወራትና ከዚያም በኋላ ከኤርትራ የሚወለዱ ብዙ ሰዎች ከአገሪቱ ከተሞች ተይዘው ወደ ድንበር ተወሰዱ፤ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ 75,000 ያህል ሆኑ። ስለዚህ ነገር ሽማግሎቹ ጻፉ አላሉንም።

ከሐምሌ እስከ ጥር የምንጽፈው ብዙ የለም፤ ሰው በእርሻና በአጨዳ ላይ ነበረ። የአሜሪካና የሩዋንዳ መልእክተኞች ቀደም ብለው ተመላልሰው ነበር፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም የሰላም ሐሳብ አቀረበ፤ የሁለቱ አገር የሃይማኖት አባቶችም በኖርዌይ ተገናኝተው መከሩ። ጸሎታቸው ተሰምቷል፤ ጊዜው ግን ገና ነበረ።

በ1991 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ የካቲት 16 ቀን ማክሰኞ፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ ፀሐይ ግባት የተባለው ዘመቻ ተጀመረ። ወራሪው ዘጠኝ ወር ሙሉ ሲቆፍረው የቆየው ምሽግ በጥቂት ቀን ተሰበረ፤ ባድሜም ተመለሰች። አስመራ ስትገፋው የነበረውን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሐሳብ ተቀበልሁ አለች። ይህ ሁሉ የሆነው የዐድዋ በዓል ሳይደርስ ነው። በዐድዋ ድል በ103ኛው ዓመት እንዲህ ያለ ወሬ መሰማቱን ሰው ሁሉ የእግዚአብሔር ሥራ ነው አለ።

የዚያን ጊዜ የወረታ ደስታ ምን ይመስል እንደ ነበር ለሚመጣው ትውልድ እንተርካለን። ሱቆች ተዘጉ፤ መኪኖች በመገንጠያው ቆመው ጥሩንባ ነፉ፤ ተማሪው ባንዲራ ይዞ ወደ አደባባይ ወጣ፤ ገበሬው ከሜዳው ዱላውን እየነቀነቀ መጣ። ፉከራው ከቀትር እስከ ማታ አላባራም። አዝማሪውም አልቦዘነም፤ ሸላሚውም አልሰሰተም። ሁዳዴ ነበርና ሰንጋ አልታረደም። አንዳንድ የደስታ ብዛት ያሳታቸው ሰዎች ለዛሬ ይፈቀድልን ባሉ ጊዜ፣ የንስሐ አባታቸው «ድሉን የሰጠ አምላክ ጾሙን አልሻረም» ብለው መለሷቸው፤ መልካምም ተናገሩ። ስለዚህ ወረታ ድሏን በሽሮና በተልባ አከበረች። ጠላው ግን በየቤቱ አለቀ፤ በማግሥቱ ጌሾ ተወደደ። በአዲስ አበባም ሕዝቡ እንደዚሁ በደስታ ወጥቶ ነበር፤ እንደ ወረታ የጾመና የጨፈረ ግን አልነበረም ብንል ማጋነን አይደለም።

እልል ካሉት እናቶች ብዙዎቹ ልጃቸው በሕይወት መኖሩን ገና አልሰሙም ነበር።

በመጋቢትም በጾሮና በኩል ውጊያ ነበረ፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር።

ወደ 1992፣ ወደ ዘመነ ዮሐንስ እንለፍ። ግንቦት 4 ቀን ዓርብ፣ ጦርነቱ በተጀመረ በሁለት ዓመቱ በዚያው ዕለት፣ ዳግመኛም በበዓለ ኀምሳ፣ ጦራችን በግንባሩ ሁሉ ተነሣ። ባሬንቱ ተያዘች፤ ዛላምበሳ ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን፣ ግንቦት 6 እሑድ፣ አገር አቀፍ ምርጫ ነበረና ሕዝቡ በአንድ ጆሮው የግንባሩን ወሬ እየሰማ ካርዱን ኮሮጆ ውስጥ ጨመረ። ሰኔ 11 ቀን እሑድ ተኩስ ለማቆም በአልጀርስ ተፈረመ። ዕለቱም በዓለ ጰራቅሊጦስ ነበረ፤ መንፈስ ቅዱስ በወረደበት ቀን ጠመንጃው ዝም እንዲል መስማማታቸውን ካህናቱ ሲሰብኩበት ኖረዋል።

የዚህኛው ድል ደስታ ከፊተኛው ጸጥ ያለ ነበረ። ከደስታውም ጋር ጥያቄ መጣ። ጠላ ቤት የተቀመጠውም፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ የያዘውም «ይህን ያህል ተሂዶ አሰብስ?» ይል ጀመር። ከጠያቂዎቹ አብዛኛው ባሕር አይቶ አያውቅም፤ የማዳበሪያውን ዋጋ ግን ያውቃል። ሹማምንቱ ጦርነቱ የተወረረውን ለማስመለስ እንጂ የሰው አገር ለመያዝ እንዳልነበረ አስረዱ። ሕዝቡም አዳመጠ፤ ጥያቄውን ግን ይዞት ወደ ቤቱ ገባ፤ እስከ ዛሬም አላስቀመጠውም።

በ1993 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን፣ በበዓታ ማርያም በዓል፣ አቶ መለስ ዜናዊና አቶ ኢሳይያስ አፈወርቂ በአልጀርስ የሰላሙን ውል ፈረሙ። በመጋቢትም በድል አድራጊዎቹ ገዢዎች ቤት ውስጥ መለያየት ሆነ፤ የተለያዩትም በዚያው ጦርነትና በዚያው ሰላም ነገር ነው ተባለ።

የተሰናበቱት ወታደሮች በጎንደሩም በወልድያውም መንገድ ተመለሱ፤ ከእነርሱ በዱላ የሚሄድ ነበረ፣ እጅጌውን አጥፎ የሰፋም ነበረ። በሁለቱ ወገን የሞተው ከሰባ ሺህ እስከ መቶ ሺህ እንደሚደርስ የውጭ ሰዎች ጻፉ፤ አስመራ የእኔ 19,000 ናቸው አለች። በፎገራ ግን ቁጥር አልተነገረም፤ መርዶ እንጂ። ሽማግሎች ገና ሳይነጋ ወደ ቤቱ ይሄዳሉ፤ ውሻው ሲጮኽ እናትየዋ ነገሩን ታውቀዋለች። የሽማግሎቹን ደግነት በዚህ ሁሉ መጽሐፍ አመስግነናል፤ ከምስጋናው ሁሉ የሚገባቸው ግን የዚያ ንጋት ነው። ቆመው፣ ጋቢያቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከእናትየዋ ጋር አለቀሱ።

በ1994 ዓመተ ምሕረት፣ ዳግመኛ በዘመነ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 5 ቀን ቅዳሜ፣ በሄግ የተቀመጡት አምስቱ ዳኞች ስለ ድንበሩ ፈረዱ። በመጀመሪያው ቀን ደስ የሚያሰኝ ነገር ተነገረ፤ ከዚያ ወዲያ በወረታ ስለ ባድሜ የተጠየቀ ሹም ስለ ዝናቡ ይመልስ ጀመር።

ከዚህ በኋላ ያለው አሥራ ስድስት ዓመት ጦርነትም ሰላምም ያልተባለ ነውና የሚጻፍ ዜና የለውም። የርብና የጉማራ ወንዞች በየክረምቱ ሞሉ፤ ሩዙ እየሰፋ ሄደ፤ የዘማች ልጆች አደጉ። በ2010 ዓመተ ምሕረት፣ ያውም በዘመነ ማርቆስ፣ ሐምሌ 2 ቀን ሰኞ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ኢሳይያስ በአስመራ ተገናኝተው የሰላምና የወዳጅነት ቃል ፈረሙ። የፎገራ ሰው ሩዙን ሲያርም ሰማ፤ ደስም አለው። ነገር ግን እንደ 1991ዱ አልጨፈረም። ደስታው የሌላ ሰው ስጦታ ሆኖ ደረሰውና ተቀበለው። ከዚያ ወዲህ በሰሜን የሆነውን ልባችን እስኪጸና እንተወዋለን።

የተሾመ ሁሉ ሕዝቡ አገሩን ይወዳል ይላል፤ እውነት ነው። ሕዝቡም ሹሙ ይህን ፍቅር እንዲቆጥብ ይለምናል፤ ይህም እውነት ነው። እነሆ እኛ ጣሳውን፣ በሶውንና ሰንጋውን በልኩ ጻፍን፤ ያዘዙን ይህን ነውና። ከእኛ በኋላ የሚጽፍ ሰው ግን ማንም ሳያዘው በየአጥቢያው ይዙር፣ በየቤቱ ይጠይቅ፤ መጽሐፉንም በበሶው ሳይሆን ባልተመለሱት ልጆች ስም ይጀምር። ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።